ጎማዎቹ የተፈቱ ሞተር ሳይክል ቤት ውስጥ ሳይወድቅ እንዴት ይቆማል?

ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው አስፋልት ዳር ጎሚስታ አይጠፋም። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጎማው ተፈትቶ በሰው ትከሻ ወይም በሚኒባስ ጣሪያ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ሞተር ሳይክሉ ቤት ይቀራል። ጎማው እስኪመለስ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል፣ ሳምንትም ሊያልፍ ይችላል። እስከዚያ ጥጃ ይተሻሸዋል፣ ልጅ መሪውን ይዞ ሊወጣበት ይሞክራል፣ የክረምት እርጥበት ወለሉን ያለሰልሰዋል። ጎማ መፍታት የሚችል ሰው ብዙ ነው። የተፈታውን ሞተር ሳይክል በአስተማማኝ ሁኔታ አቁሞ የሚተኛ ግን ጥቂት ነው፤ እኛም የምናተኩረው እዚህ ላይ ነው።

ሚዛኑ ይሄዳል

በአካባቢያችን የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተር ሳይክሎች ከ100 እስከ 145 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ባለሁለት እግሩ የመሃል ማቆሚያ ብቻውን አያቆማቸውም። ሁለቱ እግሮችና መሬት የነካው አንዱ ጎማ ተደምረው ሦስት ጉልቻ ይሆናሉ። ጎማው ሲወጣ ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ተነሳ ማለት ነው፤ ድስቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም።

በዚያ ላይ ሚዛኑ ራሱ ቦታ ይቀይራል። 110 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ሳይክል እንውሰድ። አንዱ ጎማ ከነቸርኬው 10 ኪሎ ቢሆንና ከሚዛኑ መሃል 65 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ሲወጣ 10 በ65 ተባዝቶ ለቀሪው 100 ኪሎ ይካፈላል፤ ሚዛኑ 6.5 ሳንቲ ሜትር ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል። ጎማው ሳይፈታ በጠባብ ጉቶ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሞተር ሳይክል ጎማው ሲወጣ ድንገት አፍንጫውን የሚደፋው ወይም ጅራቱን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ድጋፉ ረጅም መሆን አለበት። ከፊት ወደ ኋላ 40 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነገር ሥሩ ባይገባ እንመክራለን።

ቦታው

ጣሪያ ያለው፣ ከምድጃና ከኩራዝ የራቀ፣ መተላለፊያ ያልሆነ ቦታ ይምረጡ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ ሁለት ሜትር ቢሆን በሁሉም በኩል ተንበርክከው ይሠራሉ። ወለሉ ሜዳ መሆኑን ለማወቅ ግማሽ ድረስ ውኃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን ዘግተው ጋደም ያድርጉት፤ ከተንከባለለ ተዳፋት ነው።

የሲሚንቶ ወለል ካለ መልካም። በጭቃ ተመርጎ በእበት የተለቀለቀ ወለል ግን ላዩ ጠንካራ መስሎ ይታያል እንጂ ሥሩ ይሰምጣል። የማቆሚያው እግሮች መሬት የሚነኩት ከሁለት ጣት በማይበልጥ ስፋት ነው፤ ከመቶ ኪሎ አብዛኛውን እዚያ ላይ ሲጭኑት እንደ ማረሻ ይገባል። መረሬ አፈር ባለበት አገር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይህ ይብሳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 60 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ከሁለቱም እግሮች ሥር አንድ ወጥ አድርጎ ማንጠፍ። ለየብቻ ሁለት ትናንሽ ቁራጭ ማድረግ አይበጅም፤ አንደኛው ከሌላው አስቀድሞ ሲሰምጥ ሞተር ሳይክሉ በጎኑ ይሄዳል።

ከመጀመሩ በፊት ቤንዚኑን ይቀንሱ። አሥር ሊትር ቤንዚን ሰባት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ በዚያ ላይ የሚቀመጠው ከላይ ነው። ክብደቱ ከላይ በሆነ መጠን መውደቁ ይቀላል፣ ከወደቀም ፈሶ እሳት የሚፈልገው እሱ ነው። የቀረውን ሩቢኔቱን ዘግተው ይተዉት። ከኋላ መጫኛው ላይ ያለ ጭነትም ይውረድ።

ድጋፍ የሚሆነውና የማይሆነው

ብሎኬት አይሁን። መሃሉ ክፍት ነው፤ ጫናውን በአንድ ነጥብ ሲያሳርፉበት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል፣ እጅዎ ሥሩ ቢሆን ጊዜ አይሰጥዎትም። ድንጋይ መደርደርም አይሁን፤ ብረት በድንጋይ ላይ ይንሸራተታል፣ ድንጋይም በድንጋይ ላይ ይሽከረከራል። የቢራ ሳጥን ጠርሙስ እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ጎኑ ሲገፋ ይጣመማል። ክሪክ ለማንሳት ነው እንጂ ለማቆየት አይደለም። የዘይት ክሪክ ማታ የተነሳበት ከፍታ ላይ ጠዋት አይገኝም፤ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ (ጎሚናው) ካረጀ ዘይቱ በቀስታ ይመለሳልና።

እንጨት ይሻላል። ደግነቱ በጎጃም ባሕር ዛፍ የሌለው ቀዬ የለም። ነገር ግን እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። ከተቆረጠ ወራት ያለፈው፣ ስንጥቁ ካለቀ በኋላ የተጠረበ ይሁን። ክብ ግንድ እንዳለ አይቀመጥም፤ ይንከባለላል። ከግንድ ተቆርጦ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጉቶም ቢሆን በደም ሥሩ በኩል ሊሰነጠቅ ስለሚችል ዋና ድጋፍ ባይሆን ይመረጣል።

እኛ ከሁሉ የምንመርጠው በመስቀለኛ የተደራረበ የሞራሌ ድጋፍ ነው። 5 በ7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ አራት ሜትር ይግዙና 40 ሳንቲ ሜትር እየለኩ አሥር ቦታ ይቁረጡት። ሁለቱን በሰፊው ጎናቸው ጎን ለጎን ያጋድሙ፤ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ 35 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሌሎቹን ሁለት በላያቸው በመስቀል ያጋድሙ። እንዲህ እያሉ አምስት ድርብ ሲሞላ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይሆናል። በየመገናኛው አንድ 8 ሳንቲ ሜትር ሚስማር ይምቱ፤ 5ቱ የላይኛውን አልፎ 3ቱ የታችኛውን ይይዛል። አሥራ ስድስት ሚስማር ይበቃል። ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይምቱበትና በጣውላው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ያንጥፉ። ላስቲኩ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ብረቱ እንዳይንሸራተት ይይዛል፣ የሞተሩን ሆድም ከመፋቅ ያድናል።

ከፍታውን ለመወሰን የቆመውን ሞተር ሳይክል በሜትር ለክተው አይሂዱ። ሞላዎቹ በክብደት ተጨምቀዋል። ከመሬት ሲያነሱት ሞላው ይዘረጋል፣ ጎማው አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። በአስፋልት ሞተር ሳይክሎች ላይ ይህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ለገጠር መንገድ በተሠሩት ረጃጅም ሞላ ባላቸው ላይ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ብዙ ሰው ድጋፉን ሠርቶ ሲያበቃ ጎማው አሁንም መሬት የሚነካበት ለዚህ ነው። በክሪክ አንስተው ጎማው ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ሲል ያን ጊዜ ከወለሉ እስከ ሆዱ ይለኩ። ከሁለት ጣት በላይ ማንሳት ትርፍ የለውም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር አደጋውም ይጨምራል።

የቀረው የልክ ልዩነት በሽብልቅ ይስተካከል። ሽብልቅ ሁለት ሆኖ ከግራና ከቀኝ ፊት ለፊት ይገባል፤ አንድ ብቻ ከገባ ያጋድላል።

ሥራው

ሁለት ሰው ይሁኑ። ብቻዎን ከሆኑ አንድ ጎማ ብቻ ይፍቱ፤ ሁለቱንም ብቻዎን አይሞክሩ።

አንደኛ፣ ዳዶዎቹን ሞተር ሳይክሉ በሁለት ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ያላሉ። የጎማውን ፐርኖ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ የያዘው ዳዶ በጣም የጠበቀ ነው፤ አንዳንዱ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካ የታጠፈ ሽቦ) አለው፣ እሱ በፒንሳ ይወጣል። ሞተር ሳይክሉ ከተነሳ በኋላ ረጅም ቁልፍ አስገብተው በሙሉ ጉልበት ቢገፉ ጉልበቱ ዳዶውን ብቻ ሳይሆን ሞተር ሳይክሉንም ይገፋዋል። ከድጋፍ ላይ በቀላሉ የሚወድቀው በዚህች ቅጽበት ነው። ሩብ ዙር ያህል ብቻ ያላሉት፣ አይፍቱት። በጭቃና በዝገት የተያዘ ከሆነ ዘይት ጠብ አድርገው ለአንድ ሰዓት ይተዉት።

ሁለተኛ፣ ጣውላው ላይ አውጥተው በመሃል ማቆሚያው ያቁሙት። የማቆሚያው ሁለቱም እግሮች ጣውላውን ከነኩ በኋላ ብቻ በእግርዎ ይርገጡ። ሲቆም የኋላ ጎማ ከጣውላው ላይ ብድግ ማለት አለበት፤ መሬት ከነካ የማቆሚያው መገቻ ተጣሟል ወይም ፐርኖው ተበልቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ማቆሚያ አይመኑ፣ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ማቆሚያውን በገመድ ይሰሩት። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኛ ግን ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ይህን ነው። የመሃል ማቆሚያ የሚታጠፈው ሞተር ሳይክሉ ወደ ፊት ሲገፋ ነው። ጎማ ሲፈቱ ደግሞ ወደ ፊት መግፋትዎ አይቀርም። ጠንካራ ገመድ ከማቆሚያው አግዳሚ ብረት አስረው ወደ ፊት ይሳቡና ከሞተሩ ፊት ለፊት ቁልቁል በሚወርደው የሻሲ ቧንቧ ላይ አጥብቀው ይሰሩት። አሁን ማቆሚያው ወደ ኋላ ሊታጠፍ አይችልም። ከፊት ጎማ ጋር ማሰርም ይሠራል፤ የፊት ጎማውን የሚፈቱ ከሆነ ግን ገመዱ አብሮ ይፈታል።

አራተኛ፣ ሦስተኛውን ጉልቻ ያስገቡ። ክሪኩን በጣውላ ቁራጭ አልብሰው ከሻሲው ፊት ሥር ያስገቡ፣ የፊት ጎማው ሁለት ጣት እስኪነሳ ያንሱ፣ የተደራረበውን ድጋፍ አስገብተው በሽብልቅ ያጥብቁ፣ ክሪኩን ያውርዱ። የሚያርፍበትን ቦታ ጎንበስ ብለው በዓይንዎ ይዩ። የማርሚታ ቧንቧ ላይ አይረፍ፤ ይደፈጠጣል፣ ከሞተሩ ጋር የተያያዘበት ቦታም ይሰነጠቃል። የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ላይ አይረፍ፤ የሞተሩ ሆድ አልሙኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ጥገናው ከጎማው ይበልጣል። የማቀዝቀዣ ክንፎቹም አይሸከሙም። የሻሲ ቧንቧ ከሌለና የሞተሩ ሆድ ብቻ ከሆነ ጣውላው ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ጫናውን ይበትን፤ ለማፍሰሻው ቡሎን የሚሆን ቀዳዳ ይብሱለት።

የመሃል ማቆሚያ የሌላቸው ደግሞ አሉ። እነሱ ሙሉ በሙሉ በድጋፉ ላይ ስለሚቀመጡ ድጋፉ በትክክል ከሞተሩ ሥር ይሁን። አንድ ሰው መሪውን፣ ሌላው መቀመጫውን ይዞ ፊቱንና ኋላውን በቀስታ ያወዛውዙት፤ በቀላል እጅ ወደ ሁለቱም የሚሄድበት ቦታ የሚዛኑ መሃል ነው። የድጋፉን መሃል እዚያ ያድርጉት። የጎን ማቆሚያ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይቆጠርም።

አምስተኛ፣ ገመድ። የሞተሩ ሆድ ጠባብ ነው፣ በጎኑ መውደቅ ይቀለዋል። ከፊት የሹካውን የታችኛውን ማያያዣ፣ ከኋላ ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሻሲ ወይም የኋላ መያዣ ብረት ይሰሩ፤ በግራም በቀኝም አራት ገመድ ይሆናል። ገመዱ በግማሽ ቀኝ ማዕዘን ገደማ ተዳፍቶ ወደ መሬት ይውረድ። 60 ሳንቲ ሜትር ካስማ ከሞተር ሳይክሉ ወደ ውጭ ዘንበል አድርገው 45 ሳንቲ ሜትሩን ይትከሉት። ሲሚንቶ ላይ ከሆነ ገመዶቹ ከምሰሶ ወይም በደንብ ከሞላ የእህል ጆንያ ጋር ይታሰሩ። የመሪውን ጫፍ፣ መስታወቱን፣ ፍሬቻውን አይሰሩ። መሪ ሲዞር ገመዱ ይላላል፤ ስለዚህ መሪውን ቀጥ አድርገው ለብቻ ይሰሩት።

የቃጫ ገመድ እርጥበት ሲነካው ያጥራል፣ ሲደርቅ ይላላል። ማታ በዝናብ ጥብቅ ያለው ቀትር ላይ ላላ ብሎ ይገኛል። ከተጠቀሙበት በቀን ሁለት ጊዜ ይፈትሹ። ከውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ደግሞ የፍሬን እጀታ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ሞተር ሳይክል ለመያዝ ግን ስለሚሳሳብ ወድቆ ሲያልቅ ነው የሚይዘው።

ከጣሪያ ላይ ማንጠልጠል የሚወዱ አሉ። የቆርቆሮ ቤት ወራጅ ቆርቆሮ እንዲሸከም የተሠራ ነው፤ የሞተር ሳይክልን ግማሽ ክብደት ጨምረውበት ሲነቃነቅ ሚስማሩ ይወጣል። ማንጠልጠል የግድ ከሆነ ሦስት ደረቅ አጣናዎች፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጉና ጫፋቸው ላይ ከ8 ሳንቲ ሜትር ያልቀጠኑ፣ አናታቸው ላይ ተጠፍረው ይቁሙ። እግሮቻቸው እንዳይከፈቱ ዙሪያውን በገመድ ይያያዙ። እንዲያም ሆኖ ከሥር ድጋፍ ይግባ።

ስድስተኛ፣ ጎማዎቹ ገና ሳይወጡ ይፈትኑት። መቀመጫውን ከኋላ ይዘው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ከልብ ይግፉት። ሞላው ቢወዛወዝ ችግር የለውም፤ ድጋፉ ወይም የማቆሚያው እግር ከተነቃነቀ ግን ከአራተኛው ይጀምሩ። አሁን በእጅ ግፊት የተንቀሳቀሰ ጎማው ሲወጣ ይወድቃል።

ሰባተኛ፣ ጎማ ማውጣት። ሁለቱም የሚወጡ ከሆነ የኋላው ይቅደም። የኋላው ሲወጣ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እዚያ ድጋፍም ጎማም አለ። ከዚያ ከኋላ ሹካ ጫፍ ሥር ቁራጭ እንጨት በሽብልቅ ነካ አድርገው ያስገቡ። ይህ እንጨት ወደ ኋላ ቢያዘነብል ይቀበለዋል እንጂ ዋናውን ክብደት አይሸከምም፤ ሹካው በሞላ ስለተንጠለጠለ ሻሲውን አጥብቆ አይዝም። የፊቱ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከኋላ ጎማ ሥር በሁለት በኩል ሽብልቅ ይግባ።

ፐርኖው እምቢ ካለ በመዶሻ በቀጥታ አይምቱት፤ ጥርሱ ይደፈጠጣል። ዳዶውን ጫፉ ላይ መልሰው እንጨት አስደግፈው ይምቱ። ምቱ ወደ ጎን ስለሆነ አንድ ሰው በሌላው በኩል ሞተር ሳይክሉን ይያዝ።

ጎማው ሲወጣ የሚረሱ ነገሮች

ፊቱ ባለ ዲስክ ከሆነ ጎማው በወጣበት የፊት ፍሬኑን አይጨብጡ። በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መካከል ዲስኩ የለም፤ ፒስተኖቹ ተገፍተው ይወጣሉ፣ ከዚያ በኋላ ዲስኩ አይገባም። የዲስኩን ውፍረት ያህል፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ንጹሕ እንጨት በመካከላቸው ያስገቡና እጀታውን በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ መጀመሪያ የሚነኩት እጀታውን ነው። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ክፍል) ከተፈታ በሽቦ ይንጠልጠል፣ በዘይት ቱቦው አይንጠልጠል።

ባለ ከበሮ ፍሬን ከሆነ ሲመለስ የፍሬኑ ክዳን ላይ ያለው ጎድጓዳ በሹካው ላይ ካለው ጥርስ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ በመጀመሪያው ፍሬን ክዳኑ አብሮ ይዞርና ጎማውን ይቆልፈዋል። የኋላው ከበሮ ማገጃ ብረትም ዳዶውና ኮፒሊያው መመለሳቸውን ሁለት ጊዜ ይዩ።

ሮንዴላዎቹንና ቧንቧዎቹን ሲያወጡ በቅደም ተከተላቸው ወዲያው በፐርኖው ላይ መልሰው ይሰኩና ዳዶውን ይግጠሙበት። በጨርቅ ላይ ከተዘረጋ ዶሮ ይበትነዋል።

ሞተር ሳይክሉ ሲያድር

የጥበቃው ሥራ የሚጀምረው አሁን ነው። በከሰል የማቆሚያውን እግሮች ዙሪያና የድጋፉን ጠርዝ ጣውላው ላይ ያስምሩ። ጠዋት ሲያዩት እግሩ ከመስመሩ ከወጣ፣ ወይም ከአራቱ ገመድ አንዱ ላላ ብሎ ተቃራኒው እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ፣ ገመዱ በላላበት በኩል መሬቱ እየሰመጠ ነው። ዛሬ የጣት ስፋት ከሆነ ነገ ይወድቃል። ተጨማሪ ሰው ጠርተው ያንሱት፣ ጣውላውን ሰፋ ባለው ይቀይሩት።

ቁልፉን ያውጡ። ከብት በሚያድርበት በኩል ከሆነ ዙሪያውን በእንጨት ይከልሉ፤ ጥጃ ማሳከክ የሚወደው እንዲህ ያለ የቆመ ብረት ላይ ነው። የሹካውን ጫፎች በጨርቅ ይሸፍኑ። በጨርቅ ሙሉ በሙሉ ማልበስ ግን አይበጅም፤ ገመዱና መስመሩ መታየት አለባቸው።

ከወደቀ ለመያዝ አይሞክሩ። መቶ ኪሎ ሲወድቅ ሰው አያስቆመውም፤ እግር ይሰብራል። ይልቀቁት፣ ወደ ኋላ ይበሉ። ከዚያ እሳት ያጥፉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ሩቢኔቱ መዘጋቱን ይዩ፣ ለሁለት ያንሱት። የባትሪ ውኃ ከፈሰሰ በእጅ አይንኩት፤ በብዙ ውኃ ይታጠብ።

ጎማው ሲመለስ በተገላቢጦሽ ይሥሩ፦ ፊት፣ ከዚያ ኋላ። ፐርኖዎቹን በእጅ ቁልፍ ብቻ ያጥብቁ፣ ገመዶቹን ይፍቱ፣ ክሪኩን አስገብተው ድጋፉን ያውጡ፣ የማቆሚያውን ገመድ ይፍቱና በሁለት ጎማው መሬት ላይ ያውርዱት። የመጨረሻው ማጥበቅ እዚህ ነው። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይጫወት፤ በሁለቱም በኩል ያሉት የልክ ጭረቶች እኩል ይሁኑ። ከመውጣትዎ በፊት የፊት ፍሬኑን እስኪጠነክር ደጋግመው ይጨብጡ፣ ኮፒሊያዎቹን በአዲስ ይተኩ፣ በግቢው ውስጥ በእግር ፍጥነት ነድተው ሁለቱንም ፍሬኖች ይሞክሩ። ወደ አባይ በረሃ ቁልቁለት ወይም ወደ ጮቄ ዳገት የሚሄዱ ከሆነ ከአሥር ኪሎ ሜትር በኋላ ቆም ብለው ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፍ ይንኩ።